አባቴ አስቀድመው ያመሰገኑበት ክፍል

ወንድሜ የደወለው የመዋዕለ ሕፃናት ልጆቼን እጅ እያስታጠብኩ ሳለ ነው። የምኖረው ሎጊያ ነው፤ አፋር ምድር፣ ገና በጠዋቱ የቧንቧው ውሃ እጅ የሚያቃጥልበት ከተማ። ወንድሜ አገር ቤት፣ ሻንቶ ላይ አስተማሪ ነው፤ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም። ስሙን ስልኩ ላይ ሳየው ልቤ በቀጥታ ወደ ታናሽ እህታችን ሄደ። ነፍሰ ጡር ነበረች።

"ደህና ናት?" አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

"ደህና ናት፣ ደህና ናት። ቴሌቪዥን ክፈቺ! ተመራጫችን ስለ እኛ ጤና ጣቢያ ሚኒስትሩን ሊጠይቅ ነው። አሁን፣ አሁን!"

ልጆቹን ለረዳቴ ትቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ባለቤቴ ጎሚስታ ነው፤ ከእሱ ሱቅ ጎን ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ የጂቡቲ መስመር ሾፌሮች ጎማቸው እስኪሠራ ቁጭ ብለው ኳስ ያያሉ።

"እባካችሁ፣ አንዴ ፓርላማውን ክፈቱልኝ" አልኩ።

"ቲቸር፣ ፓርላማ የሚከፈተው እንቅልፍ እምቢ ሲል ነው" አለ አንዱ። "እኛ ደግሞ ገና ጋላፊ እንነዳለን። እንዳታስተኚን።"

"የአገሯ ጉዳይ ነው፣ ቀይርላት" አለ ባለቤቴ ከውጭ፣ በጉልበቱ ጎማ ደግፎ።

ጣቢያው ሲቀየር ተመራጫችን ተነሥቶ ቆሟል። የወንድሜ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ማዶ ነው ያደገው። አማርኛውን በእኛ ዜማ እየጎተተ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጤና ጣቢያችን ውስጥ ለእናቶች የተሠራው የኦፕሬሽን ክፍል ግንቡ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ግን እንደተቆለፈ ተናገረ። ምጥ የያዛት ሴት አሁንም በቃሬዛ ዳገት እንደምትወጣ ተናገረ። "ክፍሉ ሥራ የሚጀምረው መቼ ነው?" ብሎ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የእኛ ዳገት፣ የእኛ ቃሬዛ በዚያ ትልቅ አዳራሽ ሲነገር ሰማሁ።

ተራቸው ሲደርስ ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ቁጡ ሰው አይመስሉም፤ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። ባላቸው መረጃ መሠረት ክፍሉ ተጠናቆ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑን፣ የአካባቢው ሽማግሌዎችና አማኞችም በይፋ ምስጋናቸውን ማቅረባቸውን ገለጹ። አፈ ጉባኤው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ስለ ማዳበሪያ ይመስለኛል።

"እንኳን ደስ አለሽ፣ ቲቸር!" አሉ ሾፌሮቹ። "ሻዩ በእሷ ነው!"

ሻዩን ጋበዝኳቸው። ምን እላቸዋለሁ? ባለፈው እሁድ እህቴ በስልክ እንደነገረችኝ በዚያ ክፍል በረንዳ ላይ ፍየሎች ፀሐይ እየሸሹ ነበር የሚተኙት።

በምሽቱ ዜና ላይ የምስጋናውን ምስል አሳዩ። የቀበሌያችን አዳራሽ ነበር፤ ሕዝቡ ቆሞ፣ ሴቶች እልል እያሉ። ከፊት እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ ሽማግሌ አሉ። የለበሱት ቡናማ ኮት ከዚህ ገዝቼ የላክሁላቸው ነው። አባቴ ነበሩ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው አባቴን ማስረዳት አለብኝ። እኛ ልጆቻቸው "አዋ" እንላቸዋለን፣ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ሰፈራችን ከሃላሌ ወደ ቆላው ሲወረድ ነው፤ አዋ እዚያ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ከወጣትነታቸው ጀምረው ሽማግሌ ናቸው። ጸሎታቸው ልመና የለበትም። ያልመጣውን እንደመጣ ቆጥረው ማመስገን ነው የሚያውቁት፤ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ እሳቸውን ያስተማሩት አባቶችም፣ በቤተ ክርስቲያናችን ያለው አብዛኛው ሰውም እንዲሁ ነው። ፈተና ልቀመጥ ስነሣ "ስላሳለፍካት አመሰግንሃለሁ" አሉ፤ አለፍኩ። እናቴ ስትታመም "ስለፈወስካት አመሰግንሃለሁ" አሉ፤ እናቴ አልተነሣችም። በቀብሯ ማግስትም ቁርስ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። ልመና ለእሳቸው የጥርጣሬ ታናሽ ወንድም ነው።

ሌላም ልማድ አለን። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ወቀሳ በጆሮው ይዞ አይሄድም። የፈለገውን ያህል ይጠየቅ፣ የፈለገውን ያህል ይነቀፍ፣ የመጨረሻው ቃል ግን ምርቃት መሆን አለበት።

የዚያን ዓመት ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ አገር ቤት ነበርኩ። ፓርላማው እረፍት ላይ ስለነበር ተመራጫችን የሕዝቡን ጥያቄ ሊሰበስብ መጣ። እኔ አዳራሹ አልሄድኩም። እህቴ እርግዝናዋ ገና መጀመሪያው ነበር፤ መንደሩ ሁሉ በሬ አርዶ ሥጋ በሚከፋፈልበት ሰሞን የሥጋ ሽታ እያስመለሳት ከቤት ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ቁጭ ብላ ትውል ነበር። አብሬያት ዋልኩ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ሶዶ፣ በኦፕሬሽን ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታት "ሁለተኛውንም ልጅ ኦፕሬሽን በሌለበት ቦታ እንዳትወልጂው" ብሏታል። ስለዚህ ያ ክፍል ለሌላው ሰው ልማት ነው፤ ለእሷ ግን በሕይወት ወልዶ የመነሣትና ያለመነሣት ጉዳይ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል። ሕዝቡ አፍሮ ዝም አላለም። አንዲት ጎረቤታችን ተነሥታ "ልጄን በቃሬዛ ይዘን ዳገቱን ስንወጣ ደሟ በእግሬ ላይ ይወርድ ነበር። እናንተ ቀለም የተቀባ ቤት ሠርታችሁ ቆለፋችሁብን። ለማን ነው የሠራችሁት? ለፍየል ነው?" ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ተመራጫችን አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። "እጠይቃለሁ፣ በስማችሁ እጠይቃለሁ" አለ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን አዋ በጸሎት እንዲዘጉ ተጠሩ። በወላይትኛ ጸለዩ፤ አንድ ወጣት ለእንግዶቹ ወደ አማርኛ መለሰው። ተርጓሚው አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃልም አልቀነሰም። አዋ ያሉት ይህን ነው፦ ስለተከፈተው በር እናመሰግንሃለን፣ ስለበራው መብራት እናመሰግንሃለን፣ በዚያ ክፍል በሰላም ስለተገላገሉት እናቶች እናመሰግንሃለን። ሕዝቡ "አሜን!" አለ። እልልታው ጣሪያውን አናወጠው። የልጇ ደም በእግሯ ላይ የወረደባት ሴትዮ ሳትቀር እልል አለች።

ከኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት የመጣው ልጅ ካሜራውን ያነሣው ያን ጊዜ ነው። ባትሪ ስለሚያልቅበት ሁልጊዜ የሚቀርፀው መክፈቻውንና መዝጊያውን ብቻ ነው። እሱም የለመደውን ሠራ። መሐሉ፣ ጥያቄው፣ የጎረቤታችን ቃል፣ የትም አልተቀረፀም።

አዋ ያን ቀን ቤት ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ምን አሉ?" አለቻቸው እህቴ ከእንሰቱ ወጥታ።

"ተሰጥቶናል፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ቁልፉን ስጡኛ፣ አዋ! አልጋዬን ዛሬ ልምረጥ።"

ሳቁባት። "ቁልፉ እምነትሽ ነው" አሏት። ሦስታችንም ሳቅን። የሳቅንበትን ቦታ አሁንም አየዋለሁ፤ የደረቀ የእንሰት ቅጠል መሬቱን ሸፍኖት ነበር።

እንግዲህ ያ ምስጋና ነው ከቀበሌያችን ወጥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ፣ መረጃ ሆኖ ሚኒስትሩ ወረቀት ላይ የተቀመጠው። ውሸት የተናገረ ሰው ብፈልግ አላገኘሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያደክመኛል።

በዜናው ማግስት ለአዋ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሡ ድምፃቸው የወጣት ድምፅ ነበር።

"ሰማሽ? ጸሎታችን እኮ በሚኒስትር አፍ ተመለሰ! ቀበሌው ሁሉ እኛ ቤት ነው ያደረው።"

"አዋ፣ በሩ ግን ተከፍቷል?"

"ይከፈታል። እንዲህ ያለ ሰው በአገር ፊት ቆሞ የሌለ ነገር አይናገርም።"

"እሳቸው የተናገሩት እኮ እርስዎ ያሉትን ነው። የእርስዎን ጸሎት ነው የመለሱልዎት።"

"ታዲያ እኔስ ምን አልኩሽ? ተመለሰልኝ አላልኩም?"

አባት ነው፤ ድምፅ ከፍ አይደረግበትም። "አዋ፣ የተመለሰልዎት መልሱ አይደለም፤ ራሱ ቃልዎ ነው" አልኳቸው በቀስታ።

"ልጄ፣ እዚያ በረሃ ስትኖሪ እምነትሽ ደረቀ እንዴ?"

እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔን ግን ወጋኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር አልመለስኩባቸውም።

እቅዳችን የነበረው እህቴ ወሯ ሳይገባ ወደ ሻንቶ፣ ወደ ወንድማችን ቤት እንድትሄድ ነበር። ከሻንቶ ሶዶ ሚኒባስ በየሰዓቱ አለ፤ ሆስፒታል ያለበት ዱቦም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ልብሷን ለይታ ሁሉ ነበር። ከዜናው በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ይወዳታል፤ እሱ ራሱ "አገር ምድሩ ተከፈተ እያለ አንቺ ብትሄጂ ሰው ምን ይላል?" አላት። በቤተ ክርስቲያንም ሴቶቹ "የአዋን ጸሎት የገዛ ልጃቸው ካላመነችበት ማን ሊያምንበት ነው?" አሉ። በክፋት አልነበረም። አቅፈዋት ነው የሚሉት።

"ተነሺና ሂጂ፣ ሰው የፈለገውን ይበል" አልኳት በስልክ።

"አዋ አይከለክሉኝም እኮ" አለችኝ። "ልሂድ ብል ሂጂ ይሉኛል። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን ነው የማልችለው።"

"ክፍሉስ?"

"ትናንት አየሁት። አንዷ ፍየል ወልዳበታለች። እሷ ቀደመችኝ።" እንዲህ ናት እህቴ። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

ወንድሜ ተመራጫችንን ፈልጎ አገኘው። ሰውየው አልሸሸም። "ጥያቄዬ ተመልሷል ተብሎ ተዘግቷል" አለው። "እንደገና ላንሳው ብል 'ሕዝብህ አመስግኖ የለም ወይ?' ይሉኛል። ምስሉ አለ። እኔም ምስሉ ውስጥ አለሁ፣ ወዳጄ። ዓይኔን ጨፍኜ አሜን እላለሁ።" ቀበሌው ክፍሉ እንዳልተከፈተ ጽፎ ቢሰጠው ሊሞክር ቃል ገባ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ "ሚኒስትር ተከፍቷል ያለውን እኔ ተዘግቷል ብዬ ልጻፍ? በዚያ ላይ በአዋ ጸሎት ላይ?" አለ። ሊቀ መንበሩም የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው።

ምጡ ከወሯ ቀድሞ መጣ። ዝናብ ነበር አሉኝ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት ፊት ፊት አዋ ይሄዱ ነበር። የሚያልፉት በጤና ጣቢያው በኩል ነው። አዋ ከመንገዱ ወጥተው ወደዚያ ክፍል ሄዱ። ፍየሎቹን ከበረንዳው አባረሩና በሩን በእጃቸው ገፉት። አልተከፈተም። እንደገና ገፉት። ተረኛዋ ነርስ እየሮጠች መጥታ "አባባ፣ የሚያደነዝዝ ባለሙያ አልተመደበም፣ ደም የለም። እኔ ምን ላድርግ? ቶሎ ውሰዷት፣ ቶሎ!" አለቻቸው፤ እያለቀሰች። ቃሬዛውን ዳገት ለዳገት አወጡት። ከሃላሌ አምቡላንስ ተገኘ። ሶዶ ሲደርሱ ልጁ በሕይወት አልነበረም። ማኅፀኗ ተቀዶ ስለነበር እሷን ለማዳን አወጡት። ከእንግዲህ አትወልድም።

እኔ በአውቶቡስ ስደርስ ልጁ ተቀብሯል። እህቴ ሶዶ ተኝታ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ።

"ወንድ ነበር" አለች። "ጸጉራም። አይተውት ነው የነገሩኝ።"

ቆይታ ደግሞ፣ "አዋን ምንም እንዳትያቸው" አለችኝ።

ምንም አላልኳቸውም። ወደ ሰፈር ስወርድ አዋ ጓሮ ነበሩ፤ የእንሰቱን ደረቅ ቅጠል እየቆረጡ ይከምሩ ነበር። ሳሙኝ። ምሳ ቀረበ፤ እኛ ቦይና የምንለው የጎደሬ ቅቅል ከዳታ በርበሬ ጋር ነበር። እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። በአባቴ ቤት ምግብ ሳይመሰገንበት እጅ አይዘረጋም፤ የሚያመሰግኑት ደግሞ ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

"አዋ፣ ይጸልዩልን" አልኩ።

"አንቺ ጸልዪ።"

"እርስዎ እያሉ?"

"አንቺ ጸልዪ፣ ልጄ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሡ።

ጸለይኩ። ያልኩትን አላስታውስም። "አሜን" ስል የእሳቸው አሜን አልተሰማኝም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አዋ ከፊት ባለው የሽማግሌዎች ወንበር አልተቀመጡም፤ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። አገልጋዩ ለመዝጊያ ጸሎት ስማቸውን ሲጠራ ቆመው፣ "ሌላ ሰው ይጸልይ" ብለው መልሰው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ራሱን አቀርቅሮ ወጣ። እስከ ዛሬ እዚያው በሩ አጠገብ እንደሚቀመጡ ወንድሜ ይነግረኛል።

እኔ ወደ ሎጊያ፣ ወደ ልጆቼ ተመለስኩ። እጃቸውን አስታጥባለሁ፣ መዝሙር አስዘምራለሁ። ሾፌሮቹ ፓርላማ ሲከፈት "ቲቸር፣ የአገርሽ ጉዳይ!" እያሉ ይጠሩኛል። እሄድና ቆሜ አያለሁ። አባላቱ ይነሣሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ሚኒስትሮቹ ወረቀታቸውን ይገልጣሉ። ድሮ መልሱን ነበር የማዳምጠው። አሁን የማስበው ያ በወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ከየት አዳራሽ እንደመጣ፣ ማን እጁን ዘርግቶ ያለው እንደሆነ፣ መሐሉ ላይ ሳይቀረፅ የቀረው የማን ቃል እንደሆነ ነው። እግዚአብሔርን አልከሰስኩም። ከእሱ ጋር ያለኝን ነገር በጓዳዬ እጨርሳለሁ። ሚኒስትር ግን የሚጠየቅበት ቤት አለው ሲባል እሰማለሁ፤ ጠየቅነው፤ የገዛ ምስጋናችንን መለሰልን።

ክፍሉ እንደተቆለፈ ነው። ቀለሙ ከታች መላጥ ጀምሯል አሉ። ፓርላማው በቅርቡ ለእረፍት ይዘጋል፤ ተመራጫችን እንደ ልማዱ ይመጣል፤ እናንተም የቀበሌያችን ሰዎች እዚያው አዳራሽ ትሰበሰባላችሁ። ያ ባለ ካሜራ ልጅ መክፈቻውንና መዝጊያውን ይቀርፃል። በሩ በዚህ ይከፈታል ብዬ አልጠብቅም፤ ክፍሉን አስከፍቱ ብዬም አልለምናችሁም።

በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አባቴ ያን ጸሎት ብቻቸውን የጸለዩት ይመስላቸዋል። እናንተ ግን ነበራችሁ። ቆማችሁ ነበር፣ እጃችሁን አንሥታችሁ ነበር፣ እልል ብላችሁ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ በሩ አጠገብ አልፋችኋቸው አትሂዱ። አጠገባቸው ተቀመጡና "አዋ፣ እኛም አሜን ብለናል" በሏቸው።